የሁምቦ ጭብጨባ

ወላይታን አይታችሁ የማታውቁ፣ ወደፊትም የማታዩ ብዙዎች ናችሁና ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። አገሩን የምታውቁት ደግሞ ስሳሳት ብትስቁብኝ አልቀየምም። ሄጄ የተመለስኩት በሐምሌ ወር ነው። መንገዱ ጭቃ፣ ሰዉ ደግ ነበር፤ የተሄደበት ጉዳይ ግን እስከ ዛሬ አልዋጥ ብሎኛል።

መጀመሪያ ማን እንደላከኝ ልናገር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የምማረው የሕዝብ ግንኙነት የሚባል አዲስ ትምህርት ነው። ስሙ ራሱ ገና በአማርኛ አልጸናም። መምህራችን የውጭ አገር ሰው ስለሆኑ በእንግሊዝኛ ይጠሩታል፤ እኛ እንዳመቸን አንዱን ቀን ማስታወቂያ፣ ሌላውን ቀን ግንኙነት እንለዋለን። ደብረ ብርሃን ያለችው እናቴ ለጎረቤት "ልጄ የሕዝብ ዝምድና ትማራለች" ብላ ነግራ ኖሮ፣ አንዲት ባልቴት "ለዝምድና ደግሞ ተማሪ ቤት ይገባል እንዴ? እኔ እስከ ሰባት ቤት እቆጥርላት የለም ወይ?" አሏት አሉ።

ትምህርቱን ለመጨረስ ክረምት ላይ ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር ወደ ገጠር ወርዶ ሥራውን ማየት፣ ከዚያም ጽሑፍ ማቅረብ ግዴታ ነው። ለእኔ የደረሰኝ የእርሻን ነገር የሚመለከት መሥሪያ ቤት ነው፤ ስሙን አልጠራም። የመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ሹም አቶ ደምሴ ሁምቦ በሚባለው የወላይታ ቆላ ወርደው ለገበሬዎች ስለ አዲስ የበቆሎ ዘር ይናገራሉ። እኔ አብሬ ሄጄ ሕዝቡ የሚመልሰውን ቃል እመዘግባለሁ። ሥራዬ ያ ብቻ ነበር።

ሰኞ

ከአዲስ አበባ የወጣነው ማለዳ ነው፤ አቶ ደምሴ፣ እኔና ሾፌሩ ጋሽ ወልዴ። አቶ ደምሴ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከፊት ተቀመጡ። ድምፅ ማጉያውን ከኋላ ከእኔ ጋር አስቀመጡትና መንገዱ ባንገጫገጨን ቁጥር ዞር እያሉ ደኅንነቱን ይጠይቁኛል። የእኔን ደኅንነት የጠየቁኝ ዝዋይ ደርሰን ብርቱካን ሲገዙልኝ ነው። እውነቱን ለመናገር ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ጽሑፍ መጻፍ ይቀለኝ ነበር።

ከዝዋይ አለፍ እንዳልን ጎማ ፈነዳ። ጋሽ ወልዴ ጎማውን ሲፈቱ ዝናብ መጣ፤ ከዝናቡ ጋር ደግሞ ቆዳ የጫነ የጭነት መኪና መጣና ሾፌሩ ሳይጠሩት ወርዶ አብሯቸው ጭቃ ውስጥ ተንበረከከ። ስሙን ሳንጠይቀው ሄደ። እኛ ዘንድ ደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ቢሆን ብርዱ ይገድለን ነበር፤ እዚያ ዝናቡ እንኳ ለብ ያለ ነው።

ሻሸመኔ አመሻሽ ላይ ገባን። ያረፍንበት ሆቴል ከታች መጠጥ ቤት፣ ከላይ መኝታ ነው። ባለቤቲቱ ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናቸው። እኔን ከእግር እስከ ራስ አይተው፣ "ይቺ ልጅ የማናት?" ብለው አቶ ደምሴን ጠየቁ። ተማሪ መሆኔ ሲነገራቸው የተከራየሁትን ክፍል ቁልፍ ነጥቀውኝ ወደ ራሳቸው ጓዳ ወሰዱኝ፤ ከሰካራም ጎን ልጃገረድ አላስተኛም ብለው። አልጋቸው ላይ አስተኝተውኝ እሳቸው መሬት ተኙ። ትኋኑ ግን አልጋና መሬት አልለየም።

ማክሰኞ

ከሻሸመኔ በአላባ አድርገን የብላቴን ወንዝ ተሻገርን። ከዚያ በኋላ አገሩ ሌላ ነው። በእኛ አገር ቤት ከሩቅ ይታያል፤ የድንጋዩ ካብ፣ የኩበቱ ክምር፣ የሣሩ ክዳን ሁሉ ራቁቱን ሜዳ ላይ ነው። ወላይታ ቤቱን ከእንሰት ጀርባ ይደብቃል። ጭስ ታያለህ፣ የሕፃን ልቅሶ ትሰማለህ፣ ቤቱን ግን አታገኘውም። ቦዲቲ ላይ ሻይ ጠጥተን፣ የዳሞታ ተራራ ደመናውን ተከናንቦ እያየን ከቀትር በኋላ ሶዶ ገባን። ቀዩ ጭቃ የአቶ ደምሴን ጥቁር ጫማ ገና ከመኪና ሲወርዱ ለወጠው።

እሳቸው ሆቴል ያዙ። ለብቻዋ ለመጣች ልጃገረድ ሆቴል አይገባም ተብሎ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ለእኔ ማረፊያ አዘጋጅቶልኝ ነበር። ባለቤቱ አቶ ማዳልቾ በቤተ ክርስቲያናቸው ተማሪ ቤት ያስተምራሉ፤ ጴንጤ የምንላቸው ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ማርታ ናቸው። ከመኪናው ስወርድ ሻንጣዬን ከእጄ ወስደው ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑትና ከፊቴ ቀደሙ።

በወላይታ ቋንቋ ወንድ አንተ፣ ሴት አንቺ የሚባል ነገር እንደሌለ ያወቅሁት ወይዘሮ ማርታ ሲያናግሩኝ ነው። አማርኛውን በጎረቤትና በገበያ የለመዱት ስለሆነ ጾታው እንደመጣላቸው ይወጣል። "አንተ ጥሩነሽ፣ ለምን አትበላም? ታመምክ እንዴ?" ይሉኛል። ባላቸውን ደግሞ "እሷ አሁን ይመጣል" ይላሉ። እዚያ ቤት የቆየሁትን ያህል ወንድ ሆኜ ቆየሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሴት ሆኜ ከምሰማው ነገር ጋር ሳስተያየው አልከፋኝም።

ረቡዕ

ፈቃድ ስንጠብቅ ዋልን። ፈቃዱ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲሄድ እንደ እኛው ጭቃ ይይዘዋል መሰለኝ። እኔ ቤት ዋልኩ።

ምሳ ላይ ወይዘሮ ማርታ ቦይናውን ቀቅለው፣ ዳጣውን በቅቤ ለውሰው አቀረቡልኝ። ቦይና ድንች የሚመስል ሥራ ሥር ነው፤ ዳጣ ደግሞ የሚያቃጥል የተፈጨ ቃሪያ ነው፤ ጆሮ ድረስ ይሄዳል። ረቡዕ ቅቤ እንደማልበላ ስነግራቸው አፈሩ። እነሱ ረቡዕና ዓርብን አይጾሙም፤ ኦርቶዶክሶች ምን እንደሚበሉም አያውቁም። ሳህኑን አንስተው ጎረቤት ወዳለችው የጉራጌ ነጋዴ ሚስት ዘንድ ሮጡ። የጾም ወጥ አሠራር ተምረው መጡና ለእኔ ብቻ አዲስ ሽሮ ሠሩልኝ። ከልክ በላይ ጨው ነበረው። ድስቱን ጨርሼ በላሁት።

ከሰዓት በኋላ አቶ ማዳልቾ ከተማሪ ቤት ተመልሰው ትምህርቴ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። መምህራችን ያስተማሩንን አሳምሬ አስረዳኋቸው፤ የሕዝብ ግንኙነት መናገር ብቻ ሳይሆን መስማትም ነው፣ ከመንግሥት ወደ ሕዝብ እንደሚሄድ ሁሉ ከሕዝብም ወደ መንግሥት ይመለሳል አልኩ። በጥሞና ሰሙኝ።

"እንግዲያ ጥሩ ጊዜ መጣችሁ። ሁምቦ ያለው ሰው የሚናገረው አለው" አሉኝ።

ነገሩን ያጫወቱኝ ያን ጊዜ ነው። ነገ የምንሄድበት መንደር ሰዎች ጭሰኞች ናቸው። ጫካ የነበረውን መሬት ራሳቸው መንጥረው አቅንተውታል። አሁን ባለርስቱ መሬቱን በትራክተር ሊያሳርሰው ስለፈለገ በቆሎው እንደተሰበሰበ ለቃችሁ ውጡ ብሏቸዋል፤ ወደ ሐይቁ ዳር፣ ወባ ወዳለበት ቁጥቋጦ ሂዱ ነው የሚላቸው። እነሱም ተከራክረው ሶዶ ፍርድ ቤት ለመጪው ሰኞ ቀጠሮ ይዘዋል። ሰኞ ቀርበው ከተናገሩ ጠበቃቸው ተስፋ አለው፤ ካልቀረቡ በሌሉበት ይፈረድባቸዋል። የመንግሥት ሰው ቃላቸውን ቢሰማላቸው ደግሞ ይበረታሉ አሉ አቶ ማዳልቾ። እኔም ቃላቸውን አንድ በአንድ እንደምጽፍ ነገርኳቸው።

ሐሙስ

ሁምቦ ከሶዶ ቁልቁል ነው። በወረድን ቁጥር ልብስ እያወለቅን ሄድን፤ አቶ ደምሴ ብቻ ከረባታቸውን አልፈቱም። በእኛ አገር ቆላ ለመውረድ ቀኑን ሙሉ በበቅሎ መሄድ ያስፈልጋል። እዚህ ከሹራብ ወደ ላብ የገባነው አንድ ጨዋታ ሳንጨርስ ነው።

ሰዉ ትልቅ ዋርካ ሥር ተሰብስቦ ጠበቀን። ከፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ጭቃ ሹሙና የባለርስቱ ወኪል ናቸው። ወኪሉ ረጋ ያለ፣ ጥርሱን በመፋቂያ የሚፍቅ ሰው ነው፤ ወላይትኛውንም አማርኛውንም እኩል ያውቃል። አስተርጓሚያችን የወረዳው ጸሐፊ አንጁሎ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ያንኑ መሬት ከሚያርሱት አንዱ እንደሆነ ያን ጊዜ አላወቅሁም።

አቶ ደምሴ ስለ ዘሩ ተናገሩ፤ አንጁሎ ተረጎመ። ሰዉ ዝም ብሎ ሰማ። ጥያቄ ያለው ይናገር ሲባል ዳልኬ የሚባሉ ሽማግሌ ተነሡ። ቀጭን ናቸው፤ ትከሻቸው ግን ሰፊ ነው። ስለ ዘሩ አንድም ነገር አላነሡም። እጃቸውን ወደ ልጆቹ፣ ወደ በቆሎው፣ ከዚያም ከታች ወደሚያብለጨልጨው ሐይቅ እየዘረጉ ረጅም ንግግር አደረጉ። ከንግግራቸው ውስጥ አንድ ቃል ደጋግሞ ይመጣል፤ አሳ ይላሉ፣ አሳይ ይላሉ፣ እንደገና አሳ።

አንጁሎ "ስለ መሬቱ ነው የሚናገረው" ብሎ ጀመረ። ወኪሉ መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ አንጁሎን አየው። አንጁሎ ቆመ።

አቶ ደምሴ ግን ፊታቸው በርቶ ነበር። የሽማግሌው ጣት ሐይቁን ሲያሳይ አይተዋል፤ ቃሉንም ሰምተዋል። ትርጉሙን ሳይጠብቁ፣ "ቆይ፣ ዓሣ ነው የሚሉት? ስለ ዓሣ ነው?" ብለው ጠየቁ።

አንጁሎ ወኪሉን አየ፤ መሬቱን አየ። "አዎ ጌታዬ። ስለ አሳ ነው" አለ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን እስከ ዛሬ ዓይኔን ስጨፍን እሰማዋለሁ። አቶ ደምሴ ድምፅ ማጉያውን አነሡ። ሕዝቡ ራሱ የሚፈልገውን ሲነግራቸው በሥራ ዘመናቸው የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም። "መሥሪያ ቤታችን ለዓሣችሁ ያስባል" አሉ። አንጁሎ ሌላውን ቃል ሁሉ ተርጉሞ፣ ያንን አንዱን ቃል ግን ሳይነካ እንዳለ አሳለፈው። "ዓሣችሁ ከዚህ የትም አይሄድም። ዓሣችሁን ማንም አይነካውም። እንዲያውም እንዲበዛ እናደርጋለን" አሉ።

 ከዚያ ጭብጨባው ከኋላ ጀምሮ ወደ ፊት መጣ። ሴቶቹ እልል አሉ። አንዲት አሮጊት መጥተው የአቶ ደምሴን ጉልበት ሳሙ። ዳልኬ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። እኔም የመሬቱን ነገር ለሰኞው ችሎት ያቆዩት መስሎኝ፣ ለዓሣ ይህን ያህል የሚያለቅስ ሕዝብ አይቼ አላውቅም እያልኩ አብሬ አጨበጨብኩ። ወኪሉም አጨበጨበ፤ ሲያጨበጭብ ይስቅ ነበር።

ፍየል አረዱልን። አትሄዱም አሉን። የበቆሎ እሸት ጠብሰው መኪናችን ውስጥ በጆንያ ጫኑ። አቶ ደምሴ ፎቶግራፍ አነሡ፤ ሶዶ እንደተመለስን ፖስታ ቤት ገብተው ለአለቆቻቸው ሕዝቡ የዓሣ ማስገሪያ መረብ በጋለ ስሜት መጠየቁን ቴሌግራም አደረጉ።

ዓርብ

ጠዋት ወይዘሮ ማርታ ስብሰባው እንዴት እንደነበረ ጠየቁኝ። ሰዉ ዓሣ ይወዳል ለካ አልኳቸው። እንሰት ይፍቁ ነበር፤ እጃቸው ቆመ።

"ሁምቦ ሰው ዓሣ መች ይበላል?" አሉ።

አሳ አሳ ሲሉ በጆሮዬ መስማቴን፣ አቶ ደምሴም ስለ ዓሣቸው ሲናገሩ ሰዉ ማጨብጨቡን ነገርኳቸው። የእንሰቱን መፋቂያ አስቀምጠው ጎኔ ተቀመጡ።

"አንተ ጥሩነሽ፣ ዓሣን እኛ ሞሊያ ነው የምንለው። አሳ ማለት ሰው ነው። ሰው።"

 ንግግሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ በልቤ ደገምኩት፤ አሁን በእነሱ ጆሮ። ዳልኬ ሰዎቹ የት ይሂዱ ብለው ጠየቁ። ትልቁ ሹም ደግሞ በዚያ በሚያስተጋባ ዕቃ፣ ሰዎቻችሁ የትም አይሄዱም፣ ማንም አይነካቸውም ብለው መለሱ። ጉልበታቸው የተሳመው ለዚያ ነው። ወይዘሮ ማርታ እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ፤ ማለዳ ከሁምቦ የመጣች ዘመዳቸው፣ የሰኞው ቀጠሮ ቀርቷል፣ መንግሥት ራሱ ፈርዶልናል እያለች ለቤቱ ሁሉ ስታወራ ነበርና።

ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄጄ አንጁሎን ከጠረጴዛው አስነሣሁት። ወደ ደጅ ወጣን። ተቆጥቼ ነበር፤ የተናገርኩትን ሁሉ እዚህ አልደግመውም። አንገቱን ደፍቶ አዳመጠኝ።

"እኔ ምን ዋሸሁ፣ እህቴ? ጌታው አሳ አሉ፣ እኔም አሳ አልኩ። ሽማግሌውም አሳ አሉ፣ እኔም አሳ አልኩ። ሁለቱም ደስ አላቸው" አለ። ወደ መንገዱ ዞር ብሎ አይቶ፣ "ወኪሉ ቤቴን ያውቃል። የወንድሜንም ማሳ ያውቃል" አለኝ።

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይሉ ነበር አያቴ። እዚህ ግን በሬውም ታስሯል። አንጁሎን ትቼ አቶ ደምሴ ዘንድ ሆቴል ሄድኩ።

ቁርስ ላይ ነበሩ። ነገሩን ስነግራቸው ሹካቸውን አስቀመጡ፤ ፊታቸው ተለወጠ፤ እጃቸው ባርኔጣቸውን ፈለገና ጠረጴዛው ላይ አገኘው። ያን ጊዜ ተነሥተን እንሂድ የሚሉ መሰለኝ። መኪናውም ጋሽ ወልዴም ደጅ ነበሩ። ግን ቁጭ እንዳሉ ቀሩ።

"ልጄ፣ የተደሰተ ሕዝብ ነው። የተደሰተን ሕዝብ ተመልሶ ሄዶ ማስከፋት የሕዝብ ግንኙነት ነው? መምህራችሁ እንዲያ ነው ያስተማራችሁ?"

ሰኞ ካልቀረቡ መሬቱን እንደሚያጡ ነገርኳቸው። የፍርድ ቤት ጉዳይ የእኛን መሥሪያ ቤት አይመለከትም አሉ። ቴሌግራሙም ሄዷል፤ አለቆቹም መልስ ሰጥተዋል፤ ደስ ብሏቸዋል። ከረባታቸውን አስተካከሉና እንቁላል እንድበላ ጋበዙኝ። ዓርብ መሆኑን ረስተውታል።

ቅዳሜ

አቶ ማዳልቾ ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ በቅሎ ተውሰው ለእኔ ሰጡኝና እሳቸው በእግራቸው ወረዱ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በበቅሎ ያደግሁ ነኝ ብዬ ስኮራ፣ የሁምቦ ቁልቁለት ላይ በቅሎዋ ተንሸራታ እኔን እሾህ ውስጥ ጣለችኝ። አቶ ማዳልቾ እሾሁን ከክንዴ በጥርሳቸው ነቀሉልኝ። ቀሚሴ ከትከሻው ተቀደደ፤ እንዲያ ተጎሳቁዬ ነው መንደሩ የገባሁት። ይህን የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በኋላ ይመጣል።

የዳልኬ ቤት ዙሪያ ሰዉ ተሰብስቦ በቆሎ ይጠብሳል፤ ያልታሰበ በዓል ነበር። ሲያዩኝ ተነሡ፤ የሹሙ ልጅ መጣች አሉ። ከመናገሬ በፊት ካልበላሽ ብለው እሸት እጄ ላይ አደረጉ። እየበላሁ እንዴት እንደምጀምር አሰብኩ፤ ደግሞስ በማን አፍ ልጀምር? አቶ ማዳልቾ ተረጎሙልኝ፤ ሞሊያ የምትለዋን ቃል ራሴ አልኳት። ሹሙ የተናገሩት ስለ ሞሊያ ነው፣ ስለ ሰው አይደለም፤ ሰኞ ፍርድ ቤት ቅረቡ አልኩ።

ሳቁ። ጎረምሶቹ ጎንበስ እስኪሉ ሳቁ። መንግሥት ከአዲስ አበባ ድረስ መኪና የሚልከው ለሞሊያ ነው ወይ አለ አንዱ። ዳልኬ አልሳቁም። ቀና ብለው የተቀደደውን ቀሚሴን አዩ፤ ከዚያ በቅሎዋን አዩ። የተናገሩትን አቶ ማዳልቾ አንገታቸውን አቀርቅረው ተረጎሙልኝ።

"ያ ሰው በመኪና መጣ ይላል። ድምፁ እስከ ሐይቁ ተሰማ። አንተ በሰው በቅሎ መጣህ፣ ድምፅህ እዚች ደጅ እንኳ አይደርስም። የማንን ልመን ይላል።"

ጽሑፌ ላይ የምጽፈውን የዓመት ትምህርት ዳልኬ በዚያች ደቂቃ ነገሩኝ። ሰው የሚያምነው የተባለውን ነገር አይደለም፤ የተባለበትን ዕቃ ነው። ይህንን መምህራችን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈውልን ነበር፤ ያን ጊዜ አሪፍ ነገር መስሎኝ ሁለት ጊዜ አሠመርኩበት።

ዳልኬ አንድ ነገር ጨመሩ። ያ ሰው ራሱ መጥቶ በገዛ አፉ አላልኩም ይበል፣ ያን ጊዜ እሄዳለሁ አሉ። ይህን አላመጣላቸውም። እንደማላመጣላቸው ከፊቴ አነበቡት መሰለኝ፤ ቢሆንም እጄን ይዘው እስከ መንገዱ ሸኙኝ፤ ለበቅሎዋ እንኳ የበቆሎ አገዳ ሰጧት። ወደ ሶዶ ስንወጣ አቶ ማዳልቾ በቅሎዋን እየሳቡ ቀደሙ። እኔ አለቀስኩ። ንዴት ነው የሚያስለቅሰኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ ነኝ።

እሑድ

ዘነበ። ቤተሰቡ ጸሎት ቤት ሄደ፤ እኔም ቤት ብቻዬን ከምቀር ብዬ ተከተልኩ። ዜማቸው ከእኛ ቅዳሴ ፈጽሞ አይገናኝም፤ ሁሉም አፉን ከፍቶ ይዘምራል፤ የሚዘምርለት ካህን የለም። ወይዘሮ ማርታ ቆመው ጸለዩ። ቋንቋውን ባላውቅም አሁን አንዷን ቃል አውቃታለሁና፣ ስትመጣ ሰማኋት። ብዙ ጊዜ መጣች።

ሰኞ

አቶ ደምሴ ከመመለሳችን በፊት የአውራጃውን ገዥ ሊሰናበቱ ገቡ። ፍርድ ቤቱም የወረዳው ጽሕፈት ቤትም እዚያው ግቢ ውስጥ ናቸው። መኪናው ውስጥ ተቀምጬ መጠበቅ ነበረብኝ፤ አልቻልኩም፤ ወርጄ በረንዳው ሥር ቆምኩ። ወኪሉ ከጠበቃ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቃል። ሲያየኝ ባርኔጣውን አነሣልኝ። ከሁምቦ በኩል ያለውን መንገድ አየሁት፤ ጭቃ ብቻ ነው።

ችሎት አስከባሪው ወጣ። ያለ ድምፅ ማጉያ፣ በጉሮሮው ብቻ፣ የዳልኬን ስም ከነአባታቸው ጠራ። ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። ደግሞ ጠራ። አንጁሎ በጽሕፈት ቤቱ መስኮት ብቅ ብሎ ነበር፤ መስኮቱን ዘጋ። ሦስተኛውን ሲጠራ አፌን ከፍቼ ነበር፤ አለ ልል ይሁን የለም ልል አሁንም አላውቅም። ችሎት አስከባሪው ግን መልስ ሳይጠብቅ ገባ። ወኪሉ ልብሱን አራግፎ ተከተለው።

አቶ ደምሴ እየሳቁ ወጡ። ገዥው በስብሰባው መሳካት መደሰታቸውን ነገሩኝ። ወይዘሮ ማርታ ለመንገድ የቋጠሩልኝን ቆጮና አይብ ቦዲቲ ላይ ለጋሽ ወልዴ ሰጠኋቸው። የሻሸመኔዋ ባለሆቴል ፊቴን አይተው ምን ሆንሽ አሉኝ፤ መንገዱ አድክሞኝ ነው አልኳቸው።

ጽሑፌን አቀረብኩ። የሆነውን ሁሉ እንደሆነ ጻፍኩ። መምህራችን አንብበው ጠሩኝ፤ የሚያስደንቅ የቋንቋ ምሳሌ ነው፣ ለሚመጡት ተማሪዎች አስተምርበታለሁ አሉ፤ ከፍተኛውንም ማርክ ሰጡኝ። ሰዎቹ የት እንደደረሱ አልጠየቁኝም። ማርኩን እናቴ ለጎረቤት ሁሉ ነግራለች።

መስቀል ሰሞን አቶ ማዳልቾ ለቤተ ክርስቲያናቸው ጉዳይ አዲስ አበባ መጡና አክስቴ ቤት ድረስ ፈልገውኝ መጡ። ወይዘሮ ማርታ ዳጣ ልከውልኛል። ትራክተሩ የመጣው በቆሎው ሳይሸለቀቅ ነው አሉ። በዚያው ሳምንት የመንግሥት መኪና መጥቶ መረቡንም አራገፈ፤ አዲስ፣ ነጭ፣ ጠንካራ መረብ። ሰዉ መጀመሪያ ምን እንደሚያደርገው ጠፋው። በኋላ ድስቱን፣ ቁርበቱን፣ ዶሮውን ጠቅልሎበት ወደ ሐይቁ ዳር ተሸክሞበት ሄደ። ለዕቃ ጥሩ ነው፣ አይበጠስም አሉ አቶ ማዳልቾ። አንዳንዱ በወባ ተመልሶ ተራራ ላይ ዘመድ ጋር ተጠግቷል።

ዳልኬስ አልኳቸው። ከሁሉም በኋላ የወጡት እሳቸው ናቸው አሉ። ሲወጡ ከአቶ ማዳልቾ ጋር መንገድ ላይ ተገናኝተው፣ ለእኔ ሰላምታ ልከዋል። አቶ ማዳልቾ ቃላቸውን ነገሩኝ።

"'ያቺን ልጅ አሁን ሁምቦ አሳ የለም በላት' ነው ያለው።"

በየትኛው ቋንቋ እንዳሉት አልጠየቅሁም።